የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዓመታቱና አጥንታችን

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ፋርማሲስት ነኝ። የኮንዶሚኒየሙ እናቶች፣ ከቂሊንጦና ከአቃቂ በኩል ከፋብሪካ የሚወጡ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቤት ሠራተኞች፣ አረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመሩ ልጆች፣ ሁሉም ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። "የሦስት ወሩ አለ?" የእርግዝና መከላከያ መርፌውን ማለታቸው ነው።

አለ። ስንት ጊዜ እንደወሰደችው ስጠይቃት ግን ቆም ብላ ታስባለች። "ኧረ ቆይቷል" ትለኛለች። ወይም "የመጀመሪያ ልጄን ጡት ካስጣልኩት ጀምሮ"። ልጁ አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው። በመሃል ሁለተኛ ልጅ ወልዳ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ቀጥላለች፣ ክሊኒክ ቀይራለች፣ ቤት ቀይራለች፣ ካርዱም ጠፍቶ አዲስ ወጥቶላታል። አዲሱ ካርድ ላይ ያለው የሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻ ነው። ሦስት ወሩን ሁላችንም እንቆጥራለን። እሷም፣ ነርሷም፣ እኔም። ዓመቱን የሚቆጥር ግን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ዓመቱ ለምን ይቆጠራል? በአጥንት ምክንያት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። ይህንን አንብባ ነገ መርፌዋን የምታቋርጥ ሴት እንዳትኖር። አደራ። ያልታሰበ እርግዝና ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 እንደ አውሮፓውያኑ በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 412 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተጽፏል። መርፌው ብዙ ሴት አትርፏል። ለብዙዎችም ሌላ አማራጭ የለም፤ ቤት ውስጥ የሚደበቅ ክኒን የለው፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለው፣ ባልም አማትም አከራይም አያዩትም። ሴቶች የሚመርጡት ወደው ነው፣ ምክንያት አላቸው። በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ከባለትዳር ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፣ ከነዚህ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ፣ ማለትም ከጠቅላላው ባለትዳር 27 በመቶው፣ በመርፌ ላይ ነበሩ። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ 2 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ስለ መርፌው መነጋገር ማለት ስለ እኛው ስለ ራሳችን፣ ስለ እህቶቻችን መነጋገር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

መርፌው ውስጥ ያለው ሜድሮክሲፕሮጀስትሮን አሲቴት የሚባል ሆርሞን ነው፣ በተለመደው መርፌ 150 ሚሊግራም። ብዙ ሰው ዲፖ ይለዋል። ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ፕሮጀስትሮን ጋር ይመሳሰላል። አንጎላችን ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ በየወሩ እንቁላል ለሚያወጣው ለኦቫሪ ትእዛዝ ትልካለች፤ መርፌው ያንን ትእዛዝ ዝም ያሰኘዋል። እንቁላል አይለቀቅም፣ እርግዝናም አይኖርም። እስከዚህ ድረስ የፈለግነው ነው። ኦቫሪ ግን ሥራው እንቁላል ብቻ አይደለም። ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚያመርተውም እሱ ነው። ትእዛዙ ሲቆም ኢስትሮጅንም አብሮ ይቀንሳል።

ኢስትሮጅን ደግሞ የአጥንት ጠባቂ ነው። አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር ይመስለናል እንጂ ዕድሜ ልኩን እየፈረሰ እየተገነባ የሚኖር ነው፤ የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፣ የሚገነቡም አሉ፣ ኢስትሮጅን የሚያፈርሱትን ልጓም ይይዝላቸዋል። ልጓሙ ሲላላ ማፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል። በመርፌው ላይ ያሉ ሴቶችን በተከታተሉ ጥናቶች የአከርካሪ አጥንት ጥግግት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ወደ 3 በመቶ፣ በሁለተኛው መጨረሻ ወደ 4 በመቶ፣ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ 5 በመቶ እና ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለ ቀንሶ ተገኝቷል። አስተውሉ፣ ብዙው የሚቀንሰው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዚያ ዝግ ይላል። መርፌው ሲቆም ደግሞ አብዛኛው ይመለሳል። አከርካሪው ቶሎ፣ ዳሌው ቀስ ብሎ።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 እንደ አውሮፓውያኑ መድኃኒቱ ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ፣ በጥቁር ሳጥን የሚታተመውን፣ እንዲለጠፍ አደረገ። ሌላው መከላከያ የማይሆናት ካልሆነች በስተቀር ከ2 ዓመት በላይ አትቀጥል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እንዲህ ዓይነት የዓመት ገደብ አላስቀመጠም። ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች በዕድሜ ምክንያት የሚከለክል ነገር የለም ይላል፤ ከ18 በታችና ከ45 በላይ ላሉት ግን ጥቅሙ ከጉዳቱ ቢያመዝንም ታስቦበት ይሁን ይላል። ሁለቱ የተለያዩት አንዱ ስለተሳሳተ አይመስለኝም። ሚዛኑን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይለያያል። አንዲት ሴት ሌላ አማራጭ በእጇ ካለና ከሌለ፣ ስትወልድ የምትሞትበት ዕድል ትንሽ ከሆነና ትልቅ ከሆነ፣ መልሱ አንድ ሊሆን አይችልም። እኔ ብጠየቅ ለእኛ ሰፈር ሴት የዓለም ጤና ድርጅቱ ይሻላታል እላለሁ። ግን "ታስቦበት" የሚለውን ቃል ማን ነው የሚያስብላት? ወረፋው ረጅም ነው፣ ነርሷ ደክሟታል፣ መርፌው ተወግቶ "በዚህ ቀን ነይ" ተብሎ ይላካል።

ጡት ማጥባትም አጥንት ያሳሳል፣ ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚያጠባ እናት አጥንቷ በጥቂት ወራት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ ጡት ካስጣለች በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ "ቀነሰ" ማለት "ተበላሸ" ማለት አይደለም። ቁም ነገሩ የሚመለስበት ጊዜ ማግኘቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ዕድሜ የሚገባው።

ልጆቹን ላስቀድም። አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን የምትኖርበትን አጥንት 90 በመቶ ያህሉን የምትሠራው እስከ 18 ዓመቷ ነው። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ይመጡብኛል። ከገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ወይም ለጉዞ ተብሎ ደላላው "ውሰጂ" ያላቸው። አልሰድባቸውም፣ አልመክርምም። የማደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ጤና ጣቢያ በነፃ እንዳለ፣ እሱ ኢስትሮጅንን እንደ መርፌው እንደማያወርድ፣ ቢያንስ ለ3 ዓመት እንደሚያገለግልና ስትፈልግ እንደሚወጣ እነግራታለሁ። አንዳንዷ ትሄዳለች። አንዳንዷ "አይ፣ ይታይብኛል" ትላለች። እንዲህ ካለችኝ መርፌውን ትውሰድ፣ ከባዶ ይሻላል፣ ግን ዓመቱን ትቁጠር።

ሁለተኛዎቹ ከ45 በላይ ያሉት ናቸው፤ ስለ እነሱ ማንም ሲያወራ አልሰማም። አንዲት እናት 46 ወይም 47 ሆኗታል፣ ልጆቿ ደርሰዋል፣ አሁንም በየሦስት ወሩ ትመጣለች። የወር አበባ ካየች ዓመታት አልፈዋል። ማረጧን በምን ታውቃለች? አታውቅም። ማረጥ የሚባለው በራሱ ጊዜ 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሲጠፋ ነው፣ እሷ ደግሞ የጠፋባት በመርፌው ነው። ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 እስከ 7 ዓመታት ሴት ልጅ እስከ 20 በመቶ የሚሆን አጥንቷን ልታጣ ትችላለች። መርፌው ዝቅ ያደረገውን ሰውነቷ ሳይመልስ በዚያው ወደ ማረጥ ከገባች፣ የሚመለስበት ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ለዚህ ነው ወደዚያ ዕድሜ ስትጠጊ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብለሽ ሌላ ነገር ምረጪ የምለው። ከ40 ዓመት በኋላ የገባ ባለመዳብ ሉፕ እስክታርጪ ድረስ ሊቆይ ይችላል፣ ሆርሞን የሚባል ነገር የለውም፣ አጥንትን አይነካም። የወር አበባ ሊያበዛ ይችላል፣ እሱን ነግረው ነው ማስገባት ያለባቸው። እኔም የምጠቀመው ሉፕ ነው። "ወደ ሆድ ይወጣል"፣ "ባልን ይወጋል" የሚሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ እስካሁን በሰላም አለን።

እኛ ብሎክ የሚኖሩ እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ባለፈው ክረምት ደረጃው እርጥብ ነበርና አዳለጣቸው። ከፍታ አልነበረም፣ ቆመው ነው የወደቁት፣ ከእጃቸው አንጓ ግን ተሰበሩ። ወጌሻ መጣ፣ ታሸ፣ ታሰረ፣ ጎረቤቱም "ዕድሜ ነው እንግዲህ" ብሎ አለፈ። ጎበጥ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ ያስቸግራቸዋል። ከቆመበት የወደቀ ሰው ሲሰበር የአጥንት መሳሳት መጠርጠር አለበት። መድኃኒት አለው፣ መከላከያም አለው። እሳቸውን "እትዬ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት" ብላቸው "ምን አደረገኝ ብለሽ" አሉኝ። በስንት ልመና ሄድን። መርፌ ወስደው አያውቁም፣ የእሳቸው ሌላ ነው፤ ብዙ ወልደዋል፣ ብዙ አጥብተዋል፣ ቶሎ አርጠዋል። ለመናገር የፈለግሁት የአጥንት መሳሳት መጨረሻው ምን እንደሚመስል ነው። ከመሰበሩ በፊት አያምም። ምንም ምልክት የለውም።

ይህ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል። ደንበኞቼ መርፌውን የሚፈሩበት ምክንያት ሁሉ ሌላ ነው። አንደኛ፣ "የወር አበባዬ ቆመ፣ ደሙ ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?" አልተጠራቀመም። የማሕፀን ግድግዳ ስላልወፈረ የሚፈስ ነገር የለም። መርፌውን አንድ ዓመት ከወሰዱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ይቆማል። ሁለተኛ፣ "መሃን ያደርጋል"። አያደርግም፣ ያዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ ወደ 10 ወር ይፈጃል። ሠርግ ደርሶባት "በሚቀጥለው ወር ልውለድ" የምትል ሴት ይህን ቀድማ ብታውቅ ብዙ ለቅሶና ብዙ የአማት ወሬ ይቀር ነበር። ሦስተኛ፣ "ወገቤን የሚያመኝ መርፌው ነው"። የወገብ ሕመም መቶ ምክንያት አለው፣ ጀሪካን መሸከም አለ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሥራት አለ፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን አለ። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ ወገብሽን ካመመሽ ተመርመሪ፣ ካላመመሽ ደግሞ አጥንቴ ደህና ነው ብለሽ አትደምድሚ። "ሆርሞኔ ተዛብቷል" የሚለውም እንዲሁ ነው። ብጉር ሲወጣም፣ ክብደት ሲጨምርም፣ ሲከፋንም ሆርሞን እንላለን። መርፌው ክብደት ሊጨምር ይችላል፣ ደም ሊያዛባ ይችላል፣ አንዳንዷን ራስ ምታት ይይዛታል። ለስድስት ወር የወር አበባ ያላየች መርፌም የማትወስድ ሴት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ከ40 በፊት ማረጥም ያጋጥማል። እሷም አጥንቷ አደጋ ላይ ነው፣ ስለ እሷ ግን ማንም አይጨነቅም፣ "ተመቻት" ነው የሚባለው።

ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ፣ በጣም አስፈላጊ ነው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለወራት የምትውጥ ሴት አጥንቷ በሱ ብቻ ይሳሳል። ለመወፈር ብላ ዴክሳሜታዞን የምትውጥም እንደዚያው፣ እባካችሁ ይሄን ተዉት። የሚጥል በሽታ ላለባት የሚሰጡት እነ ፌኒቶይን አጥንት ይነካሉ፣ በዚያ ላይ ክንድ ላይ የሚቀበረውንና ክኒኑን ያዳክማሉ። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲንም እንደዚሁ ያዳክማቸዋል፣ መርፌውን ግን አያዳክምም። ስለዚህ በቲቢ ሕክምና ላይ ያለች ሴት መርፌው ወይም ሉፑ ነው የሚሻላት። አያችሁ፣ "ይሄኛው ጥሩ፣ ያኛው መጥፎ" ብሎ ለሁሉም መናገር አይቻልም። ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ለአጥንት አያሰጋም፣ ደም ግፊት ላለባት ግን አይሆንም። ግፊትሽን ሳይለካ ክኒን ከሰጠሽ ባለመድኃኒት ቤት አትቀበይ። እኔንም ቢሆን።

ስለ ምግብ በአጭሩ። ለአዋቂ ሴት በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ኩባያ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል፣ ግን ወተቱ ተወዷል፣ ጾሙም ረጅም ነው። እኔም እጾማለሁ፣ ጹሙ አትጹሙ የምል ሰው አይደለሁም። ጎመን አለ፣ ካልሲየሙን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ሰሊጥ አለ፣ የሰሊጥ ወጡንም ፍትፍቱንም ታውቁታላችሁ። ጤፍ ከስንዴም ከበቆሎም እጅግ የበለጠ ካልሲየም አለው፣ እርሾ የገባበት ሊጥ ሲብላላ ደግሞ ሰውነት ማዕድኑን በተሻለ ይቀበለዋል። ዋጋው ሲንር ሩዝ የሚቀላቅሉበት ግን ያ ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። ፀሐይን በተመለከተ፣ ገና ስትወጣ ያለችው ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙም አትረዳም፣ ረፋድ ላይ ያለችው ናት የምትሻለው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ደግሞ አይሠራም። ጎህ ሳይቀድ ሰርቪስ ተሳፍራ መሸት ሲል የምትመለስ የፋብሪካ ልጅ ፀሐይ የምታገኘው በዕረፍት ቀኗ ነው፣ ያን ቀን ልብስ አጥባ ውጭ ስታሰጣ እጅጌዋን ብትሰበስብ እንኳ ጥሩ ነው። መራመድና ሸክምም ለአጥንት ጥሩ ነው፣ ልከኛ ከሆነ። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ቢያንስ ይሄንን አግኝቷል።

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ የሚባለው መሣሪያ ሁሉም ቦታ የለም፣ ርካሽም አይደለም፣ ለሁሉም መርፌ ተጠቃሚም አያስፈልግም። ወጣትና ጤነኛ ከሆንሽ ተለኪ አልልሽም። ስብራት ያጋጠማት፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የወሰደች፣ ቀድማ ያረጠች ሴት ግን ሐኪሟን ትጠይቅ።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። መርፌውን የጀመራችሁበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉት። ካርዱ ላይ፣ ካርዱ ከጠፋ ስልካችሁ ላይ። በመሃል ካቋረጣችሁ ያቋረጣችሁበትንም። ሁለት ዓመት ሲሞላ መርፌውን ለመወጋት ብቻ ሳይሆን ለመነጋገር ሂዱ። "ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ዕድሜዬ ይሄን ያህል ነው፣ ይሄን ይሄን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ልቀጥል ወይስ ልቀይር?" በሉ። መልሱ "ቀጥዪ" ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይሆናል። ከዚያም በየሁለት ዓመቱ እንደገና። ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ካርድ ስትቀይሩላት ከአሮጌው ላይ የጀመረችበትን ቀን ወደ አዲሱ ገልብጡላት። አሮጌው ካርድ ከሌላት ጠይቃችሁ በግምትም ቢሆን ጻፉላት። እኛ መድኃኒት ቤት ከአሁን ወዲያ የሚሰጠው ካርድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ ነው የምሰጠው።